የአጥር ሽቦ እንደ ታሪክ ምስክር



የታሪክ ማስረጃ ሲባል አሳባችን ወደ ወረቀት ይሄዳል። እኔም ለረጅም ጊዜ ያስተማርኩት በዚሁ መንገድ ነው። ዛሬ ግን ከሜዳ የተለቀመ ሳንቃና የዛገ ሽቦ ስለ መሬት ባለቤትነት ምን እንደሚመሰክር፣ ከሁለት የአውስትራሊያ የጥበብ ሰዎች ሥራ በመነሣት ላሳያችሁ እሻለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሮዛሊ ጋስኮይን በ1917 በኒውዚላንድ ተወለዱ። በ1943 የሥነ ፈለክ ተመራማሪ የሆኑትን ባለቤታቸውን ተከትለው ካንቤራ አጠገብ፣ ስትሮምሎ ተራራ ላይ ኖሩ። የመጀመሪያ የግል ዐውደ ርእያቸውን ያቀረቡት በ57 ዓመታቸው ነው። በ1982 አውስትራሊያን በቬኒስ ቢየናሌ የወከሉ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። «ሞናሮ» የተሰኘውን የ1989 ሥራቸውን የሠሩት ከለስላሳ መጠጥ የእንጨት ሣጥኖች ነው። ሣጥኖቹ በቀጭኑ ተሰንጥቀው ሲደረደሩ የንግድ ምልክቱ ፊደላት ይበጣጠሳሉ፤ በምትኩ ነፋስ የሚያወዛውዘው ቢጫ የሣር ሜዳ ይታያል።

ሥራውን አደንቃለሁ። ሆኖም በዚያ ሜዳ ላይ ሰው አይታይም። ሞናሮ ደግሞ የንጋሪጎ ሕዝብ አገር ነው። ብሪታንያውያን ከ1788 ጀምሮ ሲሰፍሩ መሬቱን ባለቤት እንደሌለው ቆጥረውት ነበር። የአገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ይህን አስተሳሰብ የሻረው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1992 በማቦ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ ነው።

በ1962 የተወለዱት ሎሬይን ኮኔሊ-ኖርዚ የወራጀሪ ሕዝብ ተወላጅ ናቸው። እርሳቸውም ከገጠር የተጣለ ብረት ይለቅማሉ፤ ነገር ግን ከአጥር ሽቦና ከቆርቆሮ የሚሠሩት «ናርቦንግ» የተባለውን የሕዝባቸውን መያዣ ከረጢት ነው። አጥር መሬቱን ከባለቤቶቹ ለይቶ ነበር፤ ያው ሽቦ አሁን የባለቤቶቹን ዕቃ ቅርጽ ይዟል። የሁለቱ ሴቶች ሥራዎች ሜልቦርን ውስጥ በአንድ ዐውደ ርእይ ጎን ለጎን ቀርበዋል።

ይህን ያነሣሁት ጋስኮይንን ለመክሰስ አይደለም። እርሳቸው የወደዱትን ምድር በታማኝነት አሳይተዋል። የእኛ ሙያ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ መሬቱን ባዶ ያደረገው ማን ነው? የመሬት መዝገብ ስለ አጥሩ ባለቤት ይነግረናል፤ ከአጥሩ በፊት በዚያ ውኃ ይቀዳ ስለነበረው ሰው ግን ዝም ይላል። ተማሪዎቼ ሆይ፣ መዝገብ ቤት ስትገቡ ይህን ዝምታ እንደ ባዶነት እንዳትቆጥሩት አደራ እላለሁ።