ሞተሩ ድንገት ጭጭ ሲል፦ ከፊዩዙ ጀርባ ያለው ታሪክ



ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ልጆች መካከል በሞተር ሳይክል እንጀራችሁን የምትበሉ ብዙ ናችሁ። በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው፦ «ቲቸር፣ እየነዳሁ ድንገት መብራት የለ፣ ክላክስ የለ፣ ስታርተር የለ፣ ሁሉም ጭጭ አለ። ባትሪ ልግዛ?» አይ፣ ገና አትግዛ። መጀመሪያ ታሪኩን ስማ። ይህ ዕቃ እንዴት እንደተሠራ ያወቀ ሰው ብልሽቱን የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

አንድ ሞተር ላይ ያለው ኮረንቲ ከሁለት የተለያዩ አያቶች የመጣ ነው።

አንደኛው ማይክል ፋራዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔትና የመዳብ ሽቦ አንዱ ከአንዱ አጠገብ ሲንቀሳቀሱ ኮረንቲ እንደሚፈጠር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1902 ደግሞ በጀርመን የቦሽ ኩባንያ መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ ይህንኑ ሐሳብ ይዞ ለካንዴላ ብልጭታ የሚሰጥ ባለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማግኔቶ ሠራ። ባትሪ አያስፈልገውም፤ ሞተሩ ከዞረ ብልጭታ አለ። ለብዙ ዘመን ሞተር ሳይክሎች የወደዱት እሱን ነው፤ ባትሪ ከባድ ነው፣ የመንገዱንም ንዝረት አይችልም ነበርና።

ሁለተኛው አያት ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ተሞልቶ የሚሠራውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ ፈጠረ። ኮረንቲን አጠራቅሞ ማስቀመጥ የተቻለው ያኔ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች ለአፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ሲገቡ ኤሌክትሪክ ስታርተር የሚባል ነገር በመኪና ላይ ገና አልተለመደም፤ ሞተሩ የሚነሳው በእጅ ብረት እየተዞረ ነበር። አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ስታርተር በካዲላክ መኪና ላይ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። እኛ አገር የጋራዡ ቋንቋ የመጣው ደግሞ ከጣልያን ነው። ኮረንቲ፣ ካንዴላ፣ ፍሬቻ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ጎሚስታ ሁሉም የጣልያንኛ ቃላት ናቸው። ካንዴላ ማለት ሻማ ነው። ፍሬቻ ማለት ቀስት ነው። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ቃላቱ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀሩ።

አሁን ወደ ችግሩ እንምጣ። በድሮ ሞተር ሁለቱ አያቶች ተለያይተው ነበር የሚኖሩት። ባትሪው ቢሞትም ማግኔቶው ብልጭታውን ይሰጣል፣ በፔዳል ይነሳል፣ ቤትህ ትገባለህ። በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ግን ሁለቱ ተጋብተዋል። ብልጭታውም፣ መብራቱም፣ ስታርተሩም ከአንድ ባትሪ በአንድ ፊዩዝና በአንድ ቁልፍ በኩል ያልፋሉ። ምቾቱ ጨመረ፤ አንድ ቦታ ሲላላ ግን ሁሉም ይጠፋል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ጠፋ?» ነው። አንድ መብራት ብቻ ከሆነ አምፖሉን ወይም የራሱን ሽቦ ፈትሽ። መብራቱ ቀስ በቀስ እየደከመ ከሄደ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ሁሉም በአንዴ ከጠፋ ግን ችግሩ ሁሉም የሚጋሩት መንገድ ላይ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል እይ፦

1. የባትሪው ሁለት ጫፎች። ኮብልስቶንና ጉድጓድ ብሎኑን ያላላል፣ ነጭ ዝገትም ይይዘዋል። አጽዳ፣ አጥብቅ። ከሻሲው ጋር የታሰረውን የኔጋቲቭ ሽቦ አትርሳ።
2. ዋናው ፊዩዝ።
3. የቁልፉ ማብሪያና ሶኬቱ። ከዝናብ ወይም ከእጥበት በኋላ ውኃ ይገባበታል።
4. መሪው አንገት ላይ ያሉት ሽቦዎች። መሪውን ግራና ቀኝ አዙር፤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ አገኘኸው ማለት ነው።

ቴስተር ካለህ ደግሞ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ጤነኛና የተሞላ ባለ 12 ቮልት ባትሪ 12.6 ገደማ ያሳያል። አስነስተህ ነዳጅ ስትሰጠው ወደ 14 ካልወጣ ጥፋቱ የባትሪው ላይሆን ይችላል፤ ሬጉሌተሩ ወይም ኮረንቲ አመንጪው ጥቅልል ይፈተሽ። አዲስ ባትሪ ብትገዛም በሳምንቱ ይሞታል፣ ብርህም አብሮ ይሄዳል። ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ነቅሎ «መሞከር» የሚባለውንም ተዉት፤ ቮልቴጁ ከልክ አልፎ ሌላ ዕቃ ያቃጥላል።

አንድ ልጅ የተቃጠለ ፊዩዝ በሲጋራ ብር ወረቀት ጠቅልሎ እንደመለሰ ጽፎልኛል። ፊዩዝ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1847 ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬጌ የቴሌግራፍ ጣቢያዎችን መብረቅ እንዳያቃጥላቸው ከመስመሩ ጋር ቀጭን ሽቦ እንዲገጠም መከረ። ቀጭኑ ሽቦ ይቀልጣል፣ ማሽኑና ሰዉ ይተርፋሉ። ፊዩዝ የሚቃጠለው እንግዲህ ሥራውን ስለሠራ ነው። በብር ወረቀት ስትተካው ጠባቂውን አባረህ ሌባውን ቤት አስገባህ። ከዚያ በኋላ የሚቀልጠው ከቤንዚን ታንከሩ ሥር የሚያልፈው ሽቦ ነው። በተመሳሳይ አምፔር ቀይሩት፤ እንደገና ከተቃጠለ የተላጠ ሽቦ ከብረት ጋር ተነካክቷል ማለት ነው፣ እሱን ፈልጉ።

ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ፣ ወይም በአምቦና በጅማ መንገድ በማታ የምትሄዱ ልጆች፣ መብራት ሲጠፋ ከኋላ የሚመጣው ከባድ መኪና አያያችሁም። መጀመሪያ ከአስፋልቱ ውጡ፣ ከዚያ ነው ብልሽት መፈለግ። ሁለት ትርፍ ፊዩዝና አንድ ትንሽ የእጅ ባትሪ ከመቀመጫው ሥር ይኑራችሁ።

መካኒክ የሆናችሁ ደግሞ የጎደለ ካለ ኮሜንት ላይ ጨምሩበት፤ ሌሎቹም ይማሩበታል። በሰላም ግቡ!