ሽቦ አልባው ኮምፒዩተር በጎንደር ፒያሳ

በጎንደር ከተማ ፒያሳ የተባለው ሰፈር ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው፣ ኢጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. ከተማይቱን ይዘው በቆዩበት ዘመን ነው። ፖስታ ቤቱና በዙሪያው ያሉት ሕንፃዎች ሲታነፁ በግድግዳቸው ውስጥ የኮምፒዩተር ገመድ ያልፋል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነውና።

እንዲህ ባለ ቤት ለተቀመጠ የጠረጴዛ ኮምፒዩተር፣ ግንብ ሰርስሮ ገመድ ከመዘርጋት ይልቅ አውራ ጣት የምታህል የዋይፋይ መቀበያ በዩኤስቢ መሰካት ይቀላል። የብልሃቱ ሥር ግን ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቹ በተለያዩ ደሴቶች ያሉ ኮምፒዩተሮችን በሬዲዮ ሞገድ አገናኙ፤ ለዋይፋይ መሠረት የሆነው 802.11 የተባለው የጋራ ደንብ የወጣውም ከ26 ዓመት በኋላ ነው።

ይሁን እንጂ «ሽቦ አልባ» የሚለው ስም ያታልላል። ዋይፋይ የሚያስቀረው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው፤ ያንንም ቢሆን ወፍራም ግንብ ያደክመዋል። ሲም ካርድ የሚገባበት ዶንግል ደግሞ ያለ ሞባይል ማማ ዋጋ የለውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በግጭቱ ሳቢያ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በዶንግል ብቻ ይገናኝ የነበረ ኮምፒዩተር ሁሉ የጽሕፈት መኪና ሆኖ ቀረ። እኛ የሙያው ሰዎች ለደንበኛ መሣሪያ ስንመርጥ ዋጋና ፍጥነት ስናነጻጽር ኖረናል፤ ሞገዱ ከወዲያ በኩል በየትኛው መስመር ላይ እንደሚያርፍ አስቀድመን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን።