«ሳይቃጠል በቅጠል» ግን በየስንት ጊዜው? የጥገና ሰሌዳ አጭር ታሪክ

አያቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ነገሩን ጨርሰውታል። የሚከራከር የለም። መኪና ያለው ሰርቪስ የሚያስደርገው፣ የሕንፃ አስተዳዳሪ ሊፍቱን የሚያስፈትሸው፣ ፋብሪካ ማሽኑን አቁሞ የሚፈታታው በዚሁ ምክር ነው። አባባሉ ሁለት ነገር ግን አይነግረንም። አንደኛ፦ በየስንት ጊዜው? ሁለተኛ፦ ቅጠሉን የሚይዘው ማን ነው፣ በምን ቅደም ተከተል፣ በምን መሣሪያ?

ዛሬ ትልልቅ ድርጅቶች በሚጠቀሙባቸው የጥገና ሶፍትዌሮች ውስጥ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሁለት ቅጾች ሆነው ተቀምጠዋል። አንዱ የቅድመ መከላከል ጥገና ሰሌዳ ይባላል፤ «መቼ?» ለሚለው መልስ ነው። ሌላው የሥራ ዕቅድ፣ በባለሙያዎቹ አነጋገር «ጆብ ፕላን» ይባላል፤ «ምን? እንዴት? በማን?» ለሚለው መልስ ነው። ሲያዩአቸው እንቅልፍ የሚያስመጡ ቅጾች ናቸው። ከጀርባቸው ግን የዓለም ጦርነት፣ አንድ የሥነ ሕይወት ተመራማሪና ብዙ አውሮፕላን አለ። እስቲ ከዚያ እንጀምር።

ባዮሎጂስቱ አውሮፕላን ጋራዥ ገባ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው። የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች ወደ እንግሊዝ ምግብና ነዳጅ የሚያመላልሱትን መርከቦች ይሰምጣሉ። የእንግሊዝ አየር ኃይል የባሕር ጠረፍ ዕዝ ደግሞ ሰርጓጆቹን ከአየር ያድናል። ችግሩ አውሮፕላኖቹ ከሚበሩበት ሰዓት ይልቅ መሬት ላይ ጥገና የሚጠብቁበት ሰዓት መብዛቱ ነው። ዕዙ ሳይንቲስቶችን ሰበሰበ። ከነርሱ አንዱ ኮንራድ ዋዲንግተን ነበር፤ ሙያው የፅንስ ዕድገት ጥናት ነው። ሴሲል ጎርደን የተባለው ሌላው ባልደረባም የዘር ውርስ ተመራማሪ ነበር። «አውሮፕላንና ባዮሎጂ ምን አገናኛቸው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እነዚህ ሰዎች ስለ ሞተር ብዙ ላያውቁ ይችላሉ፤ መቁጠርና ማወዳደር ግን ያውቃሉ።

ሊበሬተር የሚባሉት ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች በየ50 የበረራ ሰዓቱ መደበኛ ምርመራ ይደረግላቸው ነበር። ሳይንቲስቶቹ ያልታሰቡ ብልሽቶችን ሰብስበው ከመጨረሻው ምርመራ ወዲህ ስንት ሰዓት እንዳለፈ እያዩ በግራፍ ደረደሯቸው። ማንም ጤነኛ ሰው የሚጠብቀው ከምርመራ በኋላ ብልሽቱ እንዲቀንስ፣ ቀጣዩ ምርመራ እየቀረበ ሲሄድ ደግሞ እንዲጨምር ነው። ግራፉ ያሳየው የዚህን ግልባጭ ነው። ብልሽቱ ከምርመራው ማግስት ከፍ ይልና ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ይቀንሳል። አውሮፕላኑ ደህና ሆኖ ሲበር ቆይቶ እንደገና ሲፈተሽ ብልሽቱ ደግሞ ይመለሳል።

የዋዲንግተን ድምዳሜ ደፋር ነበር። ምርመራው ራሱ፣ ደህና የነበረውን ነገር በመነካካት፣ ብልሽት እያመጣ ነው። የተፈታ ቡሎን በትክክል ላይጠብቅ ይችላል፤ የተነቀለ ሽቦ ቦታው ላይገባ ይችላል፤ አዲስ የተገጠመው ዕቃ ራሱ እንከን ሊኖረው ይችላል። ጎረቤታችን ያለ መኪና «ጋራዥ ገብቶ ከወጣ ወዲህ ነው የባሰበት» ሲባል ሰምተን የምንስቅበት ነገር በቁጥር ተረጋገጠ ማለት ነው። ምርመራዎቹ እንደገና ታሰቡ፤ በረራና ጥገና በአንድ ላይ መታቀድ ጀመረ፤ አውሮፕላኖቹ በአየር ላይ የሚቆዩበት ሰዓትም በእጅጉ አደገ። ዋዲንግተን ይህን ሁሉ ከጦርነቱ በኋላ ቢጽፈውም መጽሐፉ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው።

339 እና 7

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ሲቪል አቪዬሽን የሄደው በአሮጌው እምነት ነበር። እምነቱ ቀላል ነው። ማንኛውም ዕቃ ዕድሜ አለው፤ ዕድሜው ሳያልቅ ፈትተህ አድሰው። ዲሲ 8 የተባለው ጄት በዚህ መንገድ ሲታቀድ 339 ዕቃዎቹ በተወሰነ ሰዓት ተፈትተው እንዲታደሱ ታዝዞ ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣንና አየር መንገዶቹ አብረው ሲያጠኑ፣ አንዳንድ ዕቃ የቱንም ያህል ቶሎ ቶሎ ቢታደስ የብልሽቱ መጠን አልቀነሰም።

ቦይንግ 747 ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1968 አዲስ የአስተሳሰብ መመሪያ ተዘጋጀለት። ከዚያም የዩናይትድ አየር መንገድ ባለሙያዎች የሆኑት ስታንሊ ኖውላንና ሃዋርድ ሂፕ ልምዱን ሁሉ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1978 ለአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር አንድ ትልቅ ሪፖርት አቀረቡ። ጥገናን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ቁጥር እዚያ ውስጥ ነው። ካጠኗቸው ዕቃዎች ውስጥ በዕድሜ ምክንያት የሚያረጁ፣ ማለትም የጊዜ ገደብ ሊጠቅማቸው የሚችሉት 11 በመቶ ብቻ ናቸው። የቀሩት 89 በመቶ ዕድሜያቸውና ብልሽታቸው ያን ያህል አይገናኝም። ከሁሉም የሚበዙት 68 በመቶዎቹ ደግሞ በብዛት የሚበላሹት ገና አዲስ ሳሉ ነው፤ ያንን ካለፉ ይረጋጋሉ። ዋዲንግተን በግራፉ ያየው ይህንኑ ነበር።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአዲሱ አስተሳሰብ የታቀደው ዲሲ 10 በተወሰነ ሰዓት የሚታደሱ ዕቃዎቹ 7 ብቻ ሆኑ። በዲሲ 8 ላይ እስከ 20,000 የበረራ ሰዓት ለዋና ዋና የአካል ምርመራዎች 4 ሚሊዮን የሰው ኃይል ሰዓት ይወስድ የነበረው፣ በጣም ትልቅ በሆነው 747 ላይ ወደ 66,000 ወረደ። ደህንነቱም አልቀነሰም። ሰነፍ ሆነው አይደለም የቀነሱት፤ ለእያንዳንዱ ሥራ «ለምን?» ብለው ጠይቀው ነው። ይህ ዕቃ እንዴት ይበላሻል? ቢበላሽ ማን ይጎዳል? ሊበላሽ ሲል ምልክት ይሰጣል ወይ? ምልክት ከሰጠ መፍታት ሳይሆን መለካት ይበቃል። ከተበላሸ የማይጎዳና ርካሽ ከሆነ ደግሞ እስኪበላሽ መተውም አንድ ውሳኔ ነው።

ወረቀቱ ኮምፒዩተር ሲገባ

ይህ ሁሉ ዕውቀት በወረቀት ካርድ ሲመራ ኖሮ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ከታወቁት ሶፍትዌሮች አንዱ የሆነው ማክሲሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 አይቢኤም ሠሪውን ኩባንያ ገዛው። አሠራሩ ቀላል ነው። ሰሌዳው ቀኑ ሲደርስ የሥራ ትዕዛዝ ያወጣል፤ የሥራ ዕቅዱ ደግሞ ተግባራቱን፣ ባለሙያውን፣ መለዋወጫውንና መሣሪያውን በትዕዛዙ ላይ ይገለብጥለታል። ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ይሠራል። የታዘዘው ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም።

ለምሳሌ እኛ ከተማ የማይጠፋውን ጄኔሬተር እንውሰድ። በየሦስት ወሩ ዘይት ይቀየርለት ብለን ሰሌዳ ብንሞላ ተሳስተናል። መብራት ባልጠፋበት ወቅት ሳይሠራ ዘይቱን እንደፋለን፤ መብራት በየቀኑ በሚጠፋበት ወቅት ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላ ዘይቱ ያልቅለታል። እዚህ ላይ መቁጠሪያው ቀን ሳይሆን የሥራ ሰዓት መሆን አለበት። በየ250 ሰዓቱ ዘይትና ፊልትሮ፣ በየአራተኛው ዙር ደግሞ ሰፋ ያለ ፍተሻ ማለት ይቻላል፤ ሶፍትዌሩ ለየዙሩ የተለያየ የሥራ ዕቅድ ማፈራረቅ ይችላል።

ሁለተኛው ወጥመድ ረቂቅ ነው። በየ30 ቀኑ የሚሠራ ሥራ 24 ቀን ዘግይቶ ተሠራ እንበል። ቀጣዩ ከመቼ ይቆጠር? ከመጀመሪያው ቀጠሮ ከተቆጠረ ከስድስት ቀን በኋላ ያው ሥራ ይደገማል። ሥራው ከተሠራበት ቀን ከተቆጠረ 30 ቀን ይጠብቃል። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ይፈቅዳል፤ የሚመርጠው ሰው ነው። በሕግ ቀን የተቆረጠለት ምርመራ ከሆነ የመጀመሪያው ይሻላል። ዘይትና ፊልትሮ ከሆነ ግን በሳምንት ውስጥ ሁለቴ መፍታት ገንዘብ ማባከን ብቻ ሳይሆን ዋዲንግተን ያስጠነቀቀው መነካካት ነው።

ሦስተኛው የሥራ ዕቅዱ ይዘት ነው። «ፓምፑን ፈትሽ» ተብሎ የተጻፈ ዕቅድ ዕቅድ አይደለም። ደህና ዕቅድ እንዲህ ይላል፦ ኃይሉን ቁረጥና ቆልፍ፤ የኩሽኔታውን ሙቀት ለካ፤ ቁጥሩን ጻፍ፤ ከዚህ መጠን ካለፈ ይህን አድርግ፤ የሚያስፈልግህ መለዋወጫ ይህ ነው፤ ሁለት ሰው፣ አንድ ሰዓት። እንዲህ ያልተጻፈበት ቦታ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ትዕዛዙ በየወሩ ይወጣል፤ ሠራተኛው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉም ሣጥን ላይ ምልክት ያደርጋል፤ ሪፖርቱ «መቶ በመቶ ተጠናቋል» ይላል፤ ፓምፑ ግን ይቆማል።

ቦሌና ባቡሩ

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። መስከረም 2008 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። ወደ 34 ኪሎ ሜትር መስመር፣ 41 ባቡሮች፣ 475 ሚሊዮን ዶላር የፈጀ ሥራ ነው። በ2015 ዓ.ም. ግን ከባቡሮቹ አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጦትና በጥገና ችግር መቆማቸው ተዘገበ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው የደረደረው ምክንያት አንድ ነበር፤ «እኛ ሀበሾች ጥገና አንወድም»።

እኛ ይህን አንቀበለውም። ምክንያቱም እዚያው ከተማ ውስጥ ቦሌ አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲመሠረት አስተዳደሩንም ቴክኒኩንም የያዘው ቲደብሊውኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ነበር። ኢትዮጵያውያን ቀስ በቀስ ሥራውን እየተማሩ ተረከቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ መሪነቱም በኢትዮጵያዊ እጅ ገባ። ዛሬ የቦሌ ጥገና ክፍል የሌሎች የአፍሪካ አየር መንገዶችን አውሮፕላኖች ጭምር ይጠግናል። የሁለቱም ሠራተኞች የአንድ አገር ልጆች ናቸው፤ እንጀራቸውም አንድ ነው። ታዲያ «ባህላችን ነው» የሚለው ምን ያስረዳል?

ልዩነቱን የምናየው ሌላ ቦታ ነው። አውሮፕላኑ ላይ ሥራው በዝርዝር ተጽፏል፤ የሠራው ሰው ይፈርማል፤ ካልተፈረመ አይበርም። መለዋወጫው ሥራው ከመድረሱ በፊት ይታዘዛል፤ ለዚያ የሚሆን የውጭ ምንዛሪም መገኘት አለበት። ጥገናውን የተረከበው ትውልድም ዕቅዱን ከነምክንያቱ ነው የተረከበው። ባቡሩ ላይ የጎደለው ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ስለ ሀበሻ ባሕርይ ከመተረክ ይጠቅማል።

አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። ዋዲንግተንም ሆነ ኖውላንና ሂፕ ግራፋቸውን የሠሩት መካኒኮች ቀን በቀን በጻፉት መዝገብ ነው። ምን ተበላሸ? መቼ? ስንት ሰዓት ከሠራ በኋላ? እጁ በግራሶ የቆሸሸ ሰው እውነቱን ባይጽፍ ኖሮ የሚደረደር ቁጥር አይኖርም ነበር። ስለዚህ ከናንተ መካከል በፋብሪካ፣ በሆስፒታል፣ በሕንፃ አስተዳደር የምትሠሩ ካላችሁ፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ አንድ ሰሌዳ ክፈቱና «ይህ ለምን ሦስት ወር ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሁልጊዜ እንዲህ ነው» የሚል መልስ ካገኛችሁ ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።