ፎቶግራፍ ማጠብና የትዕግሥት ዋጋ

የሰው ልጅ መልኩን ለልጅ ልጁ ለማቆየት ሲመኝ ብዙ ዘመን ኖሮአል፤ ነገር ግን ሠዓሊ ቀጥሮ ምስሉን የሚያሥል ባለጠጋ ብቻ ነበር። ፈረንሳዊው ዳጌር በ1831 ዓ.ም. የፎቶግራፍን ጥበብ ለዓለም ሲገልጽ፥ እንግሊዛዊው ታልቦትም በ1833 ዓ.ም. ከአንድ ኔጋቲቭ ብዙ ቅጂ የሚወጣበትን ዘዴ ሲያስመዘግብ፥ ለድኻውም በር ተከፈተለት።

በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎችን አስከትሎ ነበር። በዐፄ ምኒልክም ዘመን አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ፤ ልጆቹ ሐይጋዝና ቶኒም በሙያው ተተክተው አገለገሉ። ጥበቡ ውሎ አድሮ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ፥ ወደ ጊንጪና ወደ ባኮ ደረሰ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቀበሌዎች ከተቋቋሙ ወዲህም መታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ ጉርድ ፎቶግራፍ ፈላጊ ሆነ።

ሕዝባችን ይህን ሥራ «ፎቶ ማጠብ» ብሎ መጥራቱ እጅግ የተገባ ነው። ባለሙያው መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ጋርዶ፥ ቀይ መብራት አብርቶ፥ በኔጋቲቩ በኩል ብርሃን ለጥቂት ሰኮንድ በወረቀቱ ላይ ያሳልፋል። ወረቀቱ ግን ነጭ እንደ ሆነ ነው። በመድኃኒቱ ሲነከር በመጀመሪያ ጠጉር፥ ቀጥሎ ዓይን፥ በመጨረሻም የነጠላው እጥፋት ብቅ ይላል። ይህን ሺህ ጊዜ ያየ ሰው እንኳ ሲያየው ደስ ይለዋል።

ብስጭቱም ከደስታው አያንስም። በክረምት ብርድ መድኃኒቱ ከ20 ዲግሪ በታች ሲቀዘቅዝ ሥራው ይዘገያል። በበር ስንጥቅ የገባች ጥቂት ብርሃን ከባሕር ማዶ በውድ ዋጋ የመጣውን ወረቀት ታጠቍራለች። መብራት ከጠፋም ሥራው በመካከል ይቆማል። አምቦን ያስጠራት ማዕድን የበዛበት ውኃ እንኳ ለመጠጥ ቢወደድም፥ ፎቶግራፍ ቢታጠብበት ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይተዋል። ብልህ ባለሙያ ግን አስቀድሞ በቀጭን ቁራጭ ወረቀት ብርሃኑን ይመዝናል፤ ቸኩሎም ምስሉን ሳይበስል ከመድኃኒቱ አያወጣም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው እጥበት ነው። ምስሉን የሚያጸናው መድኃኒት ከወረቀቱ ተጠርጎ እንዲወጣ አንድ ሰዓት ያህል በሚፈስ ውኃ መታጠብ ነበረበት። ውኃ በበርሜል በሚቀዳበት ከተማ ይህ ቀላል ድካም አልነበረም። ባለሙያው እጥበቱን ቢያሳጥር ደንበኛው አያውቅበትም፤ ገንዘቡን ከፍሎ፥ አመስግኖ ይሄዳል። ምስሉ ቢጫ ሆኖ የሚደበዝዘው ከብዙ ዓመታት በኋላ፥ ምናልባትም ባለ ምስሉ ከሞተና ልጆቹ ሌላ መታሰቢያ ካጡ በኋላ ነው። እንግዲህ ዛሬ በየግድግዳው ጠርቶ የሚታየው የአባቶቻችን ፊት፥ ማንም ሳይቈጣጠረው እስከ መጨረሻው ያጠበው ሰው የታማኝነቱ ምስክር ነው። በመዝገብ ቤትም ሆነ በክፍል ውስጥ የምንሠራ ሁሉ ከዚህ ልንማር ይገባናል።

ዲጂታል ካሜራ ከመጣ ወዲህ የጨለማው ክፍል ተግባሩን አጥቶአል፤ ኔጋቲቭም እንደ ጥራጊ ሊጣል ይችላል። ስለዚህ መምህራንና ተማሪዎች ሆይ፥ በየከተማችሁ የተረፈውን ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጋር ሰብስቡ፤ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉም የባለ ምስሉን ስም ጠይቃችሁ ከፎቶግራፉ ጀርባ በእርሳስ ጻፉ። ስሙ የጠፋ መልክ ግማሽ ታሪክ ብቻ ነውና።