የጃፓን የዝምድና ቃላት፤ ከቤት ወደ መማሪያ መጽሐፍ

አንድ ሕዝብ ዘመዶቹን የሚጠራባቸው ቃላት ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጡ የኖሩ ይመስሉናል። የጃፓን ቋንቋ ታሪክ ግን ይህን ግምት እንድንመረምር ያደርገናል።

በመጀመሪያ አጠቃቀሙን እንመልከት። ጃፓናዊ ስለ ወላጆቹ ለባዕድ ሲናገር አባቱን «ቺቺ»፣ እናቱን «ሃሃ» ይላል። የሌላውን ሰው ወላጆች ሲያነሣ፣ ወይም የራሱን ፊት ለፊት ሲጠራ ግን «ኦቶሳን» እና «ኦካሳን» ማለት አለበት። የፊተኞቹ ራስን ዝቅ የማድረጊያ፣ የኋለኞቹ የአክብሮት ቃላት ናቸው። ታላቅ ወንድም «አኒ»፣ ታናሹ «ኦቶቶ»፣ ታላቅ እኅት «አኔ»፣ ታናሿ «ኢሞቶ» ይባላሉ። ታናሽ ታላቁን በዝምድና ቃል ሲጠራ፣ ታላቅ ግን ታናሹን በስሙ ይጠራዋል። ይህስ «ጋሼ» እና «እትዬ» እያልን ላደግነው እንግዳ ነገር አይደለም።

የቋንቋ ሊቁ ሱዙኪ ታካኦ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ የቤቱ አጠራር የሚለካው በትንሹ ልጅ ነው። ሚስት ባሏን «አባት» ትለዋለች፤ ታናሽ ሲወለድ ደግሞ የመጀመሪያውን ልጅ ወላጆቹ ጭምር «ታላቅ ወንድም» ይሉታል።

ወደ ምንጫቸው ስንመለስ፣ «ኢሞቶ» የመጣው «ኢሞ» ከሚለው ጥንታዊ ቃል ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት ግጥሞች ውስጥ ወንድ የሚወዳትን ሴት ወይም ሚስቱን «ኢሞ» ይል ነበር። «ሃሃ»ም እንዲሁ ድምፁ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1516 የተመዘገበ አንድ እንቆቅልሽ፣ ለእናት ሁለት ጊዜ የሚገናኝ፣ ለአባት ግን አንድ ጊዜም የማይገናኝ ነገር ምን እንደሆነ ይጠይቃል። መልሱ ከንፈር ነው። ሊቃውንት ከዚህ ተነሥተው ቃሉ በዚያ ዘመን «ፋፋ» ይባል እንደነበር፣ ከዚያም በፊት «ፓፓ» እንደነበር ያስረዳሉ።

«ኦቶሳን» እና «ኦካሳን» በአገሪቱ ሁሉ የተስፋፉት ግን በትምህርት ቤት አማካይነት ነው። ከ1868 ለውጥ በፊት የሳሙራይ ልጆች «ቺቺኡኤ» እና «ሃሃኡኤ» ሲሉ፣ የኤዶ ከተማ ተራ ሕዝብ «ኦቶትሳን» እና «ኦካሳን»ን የሚመስል «ኦክካሳን» ይል ነበር። መደብና አውራጃ በአጠራር ይለዩ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 መንግሥት ያዘጋጀው የአንደኛ ደረጃ ማንበቢያ ሥራ ላይ ሲውል፣ ለሁሉም ልጆች አንድ ዓይነት ቃል አስተማረ። ልጆቹም ቃሉን ይዘው ወደየቤታቸው ገቡ።

ሆኖም የትምህርት ቤት ሥልጣን ወሰን አለው። እ.ኤ.አ. በ1934 የትምህርት ሚኒስትሩ ማትሱዳ ጌንጂ ከውጭ የገቡትን «ፓፓ» እና «ማማ» ነቅፈው ተናገሩ። ቃላቱ ግን አልጠፉም። በጥንት ዘመን እናትን ይጠራ የነበረው ድምፅ በውጭ አገር ቃል አባትን ሊጠራ ተመልሶ መጣ።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? እኛ መምህራን በጥቁር ሰሌዳ ላይ የምንጽፈው ቃል እስከ ማዕድ ቤት ሊደርስ ይችላል። አንዱን ቃል መደበኛ ስናደርግ ሌላው ሊረሳ ይችላል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን አያቶቻቸው ዘመድን የሚጠሩባቸውን ቃላት ጠይቀው በደብተራቸው እንዲመዘግቡ ብናደርግ፣ የታሪክን ትምህርት ከገዛ ቤታቸው ይጀምራሉ።