የቆዳና የራስ ቅል ሕመሞች፦ ችላ የማይባሉት የትኞቹ ናቸው?

በቆዳ ላይ የሚወጣ ሕመም ብዙ ጊዜ ሥራ ስለማያስፈታ "በራሱ ጊዜ ይጠፋል" ተብሎ ይታለፋል። አንዳንዱ በእርግጥ ይጠፋል። አንዳንዱ ግን በዘገየ ቁጥር ለቤተሰብ ይተርፋል፤ ጠባሳ ወይም የአካል ጉዳትም ጥሎ ያልፋል።

እከክ

እከክ የሚመጣው ቆዳን ሰርስሮ በመግባት እንቁላል በሚጥል እጅግ ደቃቅ ተባይ ነው። ዋና ምልክቱ ሌሊት የሚብስ ማሳከክ ሲሆን በጣቶች መካከል፣ በእጅ አንጓ፣ በብብትና በወገብ አካባቢ ሽፍታ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘ ሰው ማሳከኩ የሚጀምረው ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ቆይቶ ስለሆነ፣ ሳያውቀው ለሌሎች ያስተላልፋል። በመሆኑም በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁሉ፣ የማያሳክካቸውም ጭምር፣ በአንድ ጊዜ መታከም አለባቸው። ልብስና አንሶላም በሙቅ ውኃ ታጥቦ በፀሐይ መድረቅ ይኖርበታል።

ቆረቆር

ቆረቆር በአብዛኛው ሕፃናትን የሚያጠቃ የራስ ቅል ፈንገስ ነው። ጸጉሩ በክብ ቅርጽ እየተሰበረ ይሳሳል፤ ቆዳውም ቅርፊት ያወጣል። በጋራ በሚያገለግል የጸጉር መላጫ፣ ማበጠሪያና ኮፍያ ይተላለፋል፤ ጭርት ከያዘው ጥጃ ወይም ድመትም ሊመጣ ይችላል። ቅባት ብቻውን እስከ ጸጉሩ ሥር ስለማይደርስ፣ በጤና ባለሙያ የሚታዘዝና ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልጋል። አብጦ መግል የያዘ ቆረቆር ካልታከመ ጸጉር ዳግም የማይበቅልበት ጠባሳ ሊተው ይችላል።

ቁንጭር

ቁንጭር በደጋና በወይና ደጋ አካባቢዎች፣ በተለይም ሽኮኮ በሚኖርባቸው ገደላማ ስፍራዎች የሚገኝ ሕመም ነው። የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተባለ ትንሽ ነፍሳት ነው። ብዙውን ጊዜ ፊት ላይ ሕመም የሌለው እብጠት ሆኖ ይጀምርና ቀስ በቀስ ወደ ቁስል ይለወጣል። በእሳት መተኮስ ወይም የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ ጠባሳውን ያከፋዋል። ቁስሉ ወደ አፍንጫና ከንፈር ከተጠጋ ሕክምናው ፈጽሞ መዘግየት የለበትም።

የሥጋ ደዌ

የማያሳክክና የማያም፣ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ቆዳ ላይ ከታየና ቦታው ሲነካ ስሜት ከሌለው የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። በሽታው በባክቴሪያ የሚመጣ እንጂ እርግማን አይደለም። መድኃኒቱ በነፃ የሚሰጥ ሲሆን እንደ ሕመሙ ዓይነት ለ6 ወይም ለ12 ወራት ይወሰዳል። በሽታው ይድናል፤ ዘግይቶ የተጎዳ ነርቭ ግን ላይመለስ ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ሲታዩ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል፦

• ከትኩሳት ጋር በፍጥነት የሚስፋፋ መቅላትና እብጠት፤
• መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የሚወጣ፣ ቆዳን፣ አፍን ወይም ዓይንን የሚያቆስል ሽፍታ፤
• ከሽፍታ ጋር የፊት ማበጥና የመተንፈስ ችግር፤
• የቆዳ ቁስል ያለበት ሕፃን ፊቱ ሲያብጥ ወይም ሽንቱ ሲጠቁር፤ ይህ ኩላሊት መጎዳቱን ሊያመለክት ይችላል።

ያለ ባለሙያ ትእዛዝ የሚገዙ ስቴሮይድ ያለባቸው ቅባቶች ማሳከክን ለጊዜው ቢያስታግሱም ፈንገስን ያስፋፋሉ፣ ቆዳንም ያሳሳሉ። ስለሆነም ሕመሙ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ቅባት ከመቀባት ይልቅ፣ አስቀድሞ በአቅራቢያው ባለ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ መታየት ይመረጣል።