ጓሳ፦ የጋራ ሀብትና የጋራ ሕግ

የሕዝብ ቁጥር ሲጨምርና የተፈጥሮ ሀብት ሲመናመን፣ ጥፋቱን ሁሉ በሰው ብዛት ማሳበብ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ የጋራ ሀብት የሚጠፋው ተጠቃሚው ስለ በዛ ብቻ ሳይሆን፣ አጠቃቀሙን የሚገዛው ሕግ ሲፈርስ ጭምር መሆኑን ታሪክ ያስተምራል። ለዚህም በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የመንዝ ጓሳ ምስክር ነው።

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው ውርጫማ ደጋ ነው። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ሲሆን፣ ገበሬው በዚሁ ሣር ጎጆውን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮም የሚኖሩት በዚያው ነው።

መንዞች ይህን ሀብት ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በተባለ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጧቸው አለቆች አማካይነት ጓሳውን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉታል፤ በየተራ ይጠብቁታል፤ ደንብ የጣሰውን ይቀጣሉ። ሣሩ ሲደርስ የመክፈቻው ቀን በይፋ ይነገርና በቅድሚያ አጨዳ፣ ቀጥሎም ግጦሽ ይፈቀዳል። ክረምት ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል።

ሥርዓቱ ግን ከአድልዎ የጸዳ አልነበረም። መብቱ የተመሠረተው በአጽመ ርስት ላይ ስለ ነበር፣ ከሁለቱ አባቶች ትውልዱን መቁጠር ያልቻለ ጎረቤት ከጓሳው ባይተዋር ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን የዘር አጥር አፈረሰ፤ ተገልሎ የኖረውም ድርሻ አገኘ። ነገር ግን ከአጥሩ ጋር ዘበኛውም ተነሣ። የጥበቃ አለቆቹ ሥልጣን አበቃ፤ በቦታቸው የቆመው የገበሬ ማኅበር የመዝጊያውንና የመክፈቻውን ደንብ አልወረሰም። ከዚህም የተነሣ ሣሩ ያለ ወቅቱ ታጨደ፤ ከብት ያለ ገደብ ተሰማራ፤ ቁጥቋጦው ለማገዶ ተለቀመ።

በሌላ በኩል የተጠቃሚው ቁጥር መጨመሩን ቀጠለ። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ ከ53 ሚሊዮን በላይ የነበረው የኢትዮጵያ ሕዝብ፣ በ1999 ዓ.ም. ከ73 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። የጓሳው ስፋት ግን አልጨመረም።

መንዞችም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ውለው አድረው፣ በአካባቢው ቀበሌዎች ተወካዮችና በጋራ ባጸደቁት መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሰው አቋቋሙ። በዚህ ጊዜ ግን የመብቱ መለኪያ የዘር ሐረግ መሆኑ ቀርቶ የአካባቢው ነዋሪነት ሆነ።

እንግዲህ የጓሳ ታሪክ ለአሮጌው ሥርዓት የሚለቀስ ሙሾ አይደለም። መብትን ለሁሉ ማዳረስ ፍትሕ ነው፤ ሆኖም መብት የተዳረሰው ሁሉ የጥበቃውንም ተራ ካልተካፈለ፣ ልጆቹ የሚካፈሉት የተራቆተ መሬት ይሆናል።